ኦቮይድ፣ ቀለበት ወይስ መርፌ? የማህፀን በር ካንሰር የውስጥ ጨረር መሣሪያዎች ዳሰሳ

የማህፀን በር ካንሰር ወደ ጎን ከተዛመተ በኋላ በቀዶ ሕክምና ብቻ አይመለስም። ያኔ የሚቀረው ሕክምና ጨረርና አብሮት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ነው። ጨረሩ በሁለት ክፍል ይሰጣል። መጀመሪያ ታካሚዋ ማሽን ሥር ተኝታ ዳሌዋ ከውጭ ጨረር ያገኛል፤ ብዙ ጊዜ 45 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል በ25 ቀጠሮ ተከፋፍሎ ነው። ቀጥሎ የጨረሩ ምንጭ ራሱ በማህፀኗ ውስጥ በገባ መሣሪያ በኩል አልፎ እጢው አጠገብ ይደርሳል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ብራኪቴራፒ፣ ምንጩ የሚያልፍበት መሣሪያም አፕሊኬተር ይባላል።

ከማረቆዋ ቆሼ ወይም ከቡታጅራ ሪፈር የተጻፈላት ሴት ስለ አፕሊኬተር ቅርጽ የምትሰማው ነገር አይኖርም። የምትጨነቀው ስለ ወረፋው፣ ስለ ማደሪያውና ስለ መሳፈሪያው ነው። ይሁንና ካንሰሩ ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን፣ ፊኛዋና አንጀቷ ደህና መሆን አለመሆናቸውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የዚህ መሣሪያ ቅርጽ ነው። በዓለም ያሉ የጨረር ሐኪሞችና ሜዲካል ፊዚሲስቶች የትኛው ቅርጽ ይሻላል በሚለው ላይ መቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩ ቆይተዋል። ክርክሩን ወደ አገራችን ሁኔታ ስናመጣው ግን ጥያቄው ይቀየራል። በየትኛው መጠን ላይ ላለ እጢ፣ በምን ዓይነት ምስል እየታየ፣ ሕክምናው በተጀመረ በስንተኛው ሳምንት የሚሉት ካልተመለሱ "የቱ ይሻላል" የሚለው ብቻውን መልስ የለውም።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅርጹ ለምን ይወስናል

ጨረር ከምንጩ በራቀ ቁጥር በርቀቱ ስኩዌር ይቀንሳል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሲኬድ መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። የብራኪቴራፒ ጥቅም ከዚህ ይመነጫል፦ እጢው ከውጭ ሊሰጥ የማይቻል ከፍተኛ መጠን ሲያገኝ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የራቀው አካል ይተርፋል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ከፊት ፊኛ፣ ከኋላ ፊንጢጣ፣ ከላይ ጠምዛዛው የአንጀት ክፍል አሉ። መሣሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢያዘነብል ለእጢው የታሰበው ጨረር ፊንጢጣ ላይ ያርፋል።

በአሁኑ አሠራር ለማህፀን በሩና በብራኪቴራፒው ጊዜ ለቀረው እጢ የውጭውና የውስጡ ተደምሮ ቢያንስ 85 ግሬይ እንዲደርስ ይፈለጋል። ሂሳቡ በየቀጠሮው 2 ግሬይ ቢሰጥ ኖሮ ወደሚሆነው ተመጣጣኝ መጠን ተመንዝሮ ነው የሚደመረው። ከፊኛ ብዙ ጨረር የሚያገኘው 2 ሚሊ ሊትር ያህል ክፍል ከ90 ግሬይ፣ ከፊንጢጣ ደግሞ ከ75 ግሬይ በላይ እንዳያገኝ ይጠበቃል። የአፕሊኬተር ንድፍ ማለት እንግዲህ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ የሚደረግ ሥራ ነው።

ከራዲየም እስከ ነጥብ ኤ

ራዲየም የተገኘው በ1898 ነው። በ1903 ኒውዮርክ ውስጥ ማርጋሬት ክሊቭስ የተባለች ሐኪም ለማህፀን በር ካንሰር ተጠቀመችበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሦስት የአሠራር ስልቶች ተፈጠሩ። የስቶክሆልሙ በማህፀን ውስጥ ቱቦ፣ በብልት ውስጥ ደግሞ ጠፍጣፋ ሳጥን አስገብቶ ጠንከር ያለ ጨረር ለአጭር ጊዜ እየደጋገመ ይሰጥ ነበር። የፓሪሱ ከቡሽ የተሠሩ መያዣዎችን ተጠቅሞ ቀስ ብሎ ለቀናት ይሰጥ ነበር። የማንቸስተሮቹ ቶድና ሜሬዲት በ1938 ያመጡት ከመሣሪያው ይልቅ በመለኪያው ይታወቃል። ከብልቱ የላይኛው ጥግ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ ከማህፀን ቦይ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ያለችውን ነጥብ "ነጥብ ኤ" ብለው ሰየሙ፤ ሐኪሙም ለእሷ የሚደርሰውን መጠን እየቆጠረ እንዲሠራ አደረጉ።

ነጥብ ኤ ታላቅ ሥራ ሠርታለች። ሁለት የኤክስሬይ ፊልም ብቻ ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ሕክምናው ወጥ እንዲሆን አስችላለች፤ ኤምአርአይ በሌለባቸው አገሮች ዛሬም ሥራ ላይ ነች። ጉድለቷ ግን ከጅምሩ አብሯት ነበር። ነጥቧ የምትለካው ከመሣሪያው እንጂ ከእጢው አይደለም። እጢው 2 ሴንቲ ሜትር ሆነም 6 ሴንቲ ሜትር ነጥብ ኤ ካለችበት አትነቃነቅም። ትንሽ እጢ ያላት ሴት ያለ አስፈላጊነት ብዙ ጨረር ታገኛለች፤ ትልቅ እጢ ያላት ደግሞ በወረቀት ላይ ሙሉ የሆነ፣ እጢዋ ጠርዝ ላይ ግን ያልደረሰ ሕክምና ይሰጣታል። የኋለኛው የንድፍ ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ ጉድለት ጋር የተደረገ ትግል ነው።

በዚህ መሀል የባለሙያዎቹ ደህንነት ሌላ ለውጥ አስገደደ። ራዲየሙን በእጃቸው የሚያስገቡት ሐኪሞችና ነርሶች ራሳቸው ይጋለጡ ነበር። ጊልበርት ፍሌቸር ሂውስተን ውስጥ በ1953 ያሳወቀው፣ ፊኛና ፊንጢጣን የሚከልል ብረት ያለው መሣሪያ እና በ1960ዎቹ መግቢያ በሄንሽኬና በሱት የተስፋፋው ባዶውን መሣሪያ አስቀድሞ አስገብቶ ምንጩን በኋላ የመላክ ዘዴ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ወላጆች ናቸው። ዛሬ ምንጩ በሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ እህል መሰል ነገር ነች፤ ባለሙያዎቹ ከክፍሉ ወጥተው ማሽኑ ይልካታል፣ በየቦታው ለተወሰነ ሰከንድ እያቆመ ይመልሳታል። ምንጯ ኢሪዲየም-192 ከሆነች በ74 ቀን ገደማ ግማሽ ኃይሏን ስለምታጣ በየ3 ወይም 4 ወሩ መቀየር አለባት። ኮባልት-60 ከሆነች ግማሽ ዕድሜዋ 5 ዓመት ከ3 ወር ነው። የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ጉዳይ ባለበት አገር ይህ ልዩነት ከአፕሊኬተር ቅርጽ በፊት የሚታሰብ ነው።

ኦቮይድና ቀለበት

ሁለቱም ንድፎች በማህፀን ቦይ የሚገባ ታንደም የሚባል ቀጭን ቱቦ አላቸው። የሚለያዩት በብልቱ የላይኛው ጫፍ፣ ማህፀን በሩ ዙሪያ በሚቀመጠው ክፍል ነው። ኦቮይድ ከማንቸስተርና ከፍሌቸር የመጣ ነው፤ በግራና በቀኝ የሚቀመጡ ሁለት ድቡልቡል አካላት ሲሆኑ ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ 20፣ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱ የስቶክሆልም ሐሳብ ልጅ ነው፤ ታንደሙ በመሀሉ ያልፋል፣ ምንጩ ዙሪያውን በፈለገበት ይቆማል።

የኦቮይድ ደጋፊዎች የሚያነሱት ተጣጣሚነቱን ነው። ሁለቱ አካላት ለየብቻ ስለሚገቡ አንዱ ጎን በእጢ የጠበበ ቢሆንም ሌላው ይቀመጣል። ሰፋ ብለው ሲቀመጡ ጨረሩ ወደ ጎን ሰፋ ይላል። ዲያሜትሩ ከፍ ባለ ቁጥርም ምንጩ ከብልቱ ግድግዳ ስለሚርቅ ቆዳው ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል።

የቀለበት ደጋፊዎች መልስ ይኸው ተጣጣሚነት የስህተት በር ነው የሚል ነው። ማስረጃ አላቸው። በ2012 በቪስዋናታንና ባልደረቦቿ የወጣው የሁለት አሜሪካዊ ጥናቶች ትንተና ኦቮይዶቹ ከማህፀን በሩ ተንሸራትተው በተገኙባቸው ሴቶች ካንሰሩ በቦታው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይቷል፤ መሣሪያውን አጽንቶ ለመያዝና አንጀትን ለማራቅ የሚታጨቀው ፋሻ በአግባቡ ያልገባላቸውም ውጤታቸው የከፋ ነበር። ቀለበት ከታንደሙ ጋር የተቆለፈ ስለሆነ ዛሬ የተቀመጠበት ቅርጽ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው። ብዙ ታካሚ፣ ጥቂት የሠለጠነ እጅ ባለበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ቀለበቱ ችግሩን ከእጅ ወደ ሒሳብ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ጠምዛዛ ቦይ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ስለሚጎተት ምንጩ ኮምፒውተሩ ካሰበው ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ይህን ከታካሚ በፊት በፊልም ለክቶ የሚያርም ሜዲካል ፊዚሲስት ከሌለ የቀለበቱ ወጥነት ስህተቱንም ወጥ ያደርገዋል። በተጨማሪ ቀለበት ለሁሉም አይገባም። በእጢው ምክንያት የብልቷ ጥግ የጠፋባት ወይም ከማረጥ በኋላ የጠበበባት ሴት ላይ ትንሹ ቀለበት እንኳ እምቢ ይላል።

በኤምአርአይ የታከሙ ሴቶችን የተከታተለው የኤምብሬስ ጥናት መረጃ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ በ2020 የተገኘው ውጤት የሚገርም አልነበረም፤ የሚጠቅመው ልኩን ስላሳወቀ ነው። ቀለበት በተጠቀሙት ላይ እጢው ያገኘው መጠን ወደ 3 ግሬይ ከፍ ያለ ሲሆን ብዙ ጨረር ያገኘው አጠቃላይ አካል ደግሞ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ የብልቱ ግድግዳ የሚቀበለው ከፍ ብሏል። የብልት መጥበብ በሞት መዝገብ አይጻፍም። ሆኖም በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከታከሙት የአንድ ትልቅ ጥናት ተሳታፊዎች ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ49 ዓመት በታች ነበር፤ ብዙዎቹ ከሕክምና በኋላ ትዳራቸው ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ጉዳዩ በሕክምና ክፍሉ ስለማይነሳ ብቻ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም። መፍትሔው ግን መሣሪያ መቀየር ላይሆን ይችላል። በቀለበቱ ላይ ምንጩ የሚቆምበትን ሰከንድ ቀንሶ ወደ ታንደሙ ማዛወር ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን ያጠብበዋል።

መርፌ የሚጨመርበት ጊዜ

ኦቮይድም ሆነ ቀለበት ከታንደም ጋር ሲሠራ ጨረሩ የሚይዘው ቦታ እንደ ቅል ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም፤ ከታች ሰፋ፣ ወደ ላይ ጠበብ ይላል። እጢው ከዚህ ቅርጽ ወደ ጎን ከወጣ፣ የዳሌ ግድግዳ ከነካ፣ በየትኛውም የሰከንድ አደላደል አይደረስበትም። መጠኑ ሲጨመር ፊኛና ፊንጢጣው ይቀድማሉ።

በ2006 የቪየና ሐኪሞች ቀለበቱን በስተው ቀጫጭን ቱቦዎች ማለትም መርፌዎች በቀጥታ ወደ እጢው እንዲያልፉ አደረጉ። ዩትሬክት ተመሳሳዩን በኦቮይድ ላይ ሠራ፤ ቬኔዚያ የሚባለው ሦስተኛ ንድፍ ደግሞ ሁለት ግማሽ ጨረቃዎችን ገጥሞ ቀለበት በማድረግ ዘንበል ያሉ መርፌዎችን ይቀበላል። ውጤቱን የሚያሳየው ዋና ማስረጃ በ2016 በፎክዳልና ባልደረቦቹ የወጣው ነው፦ ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ እጢ በነበራቸው ሴቶች መርፌ የሚጠቀሙት ማዕከላት በ3 ዓመት በቦታው የመቆጣጠር ውጤታቸው በ10 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም አልጨመረም። ትንሽ እጢ በነበራቸው ላይ ያ ብልጫ አልታየም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መርፌ እጢው ጠርዝ ላይ የሚደርሰውን ጨረር ከፍ ያደርጋል የሚለው የፊዚክስ ጉዳይ ስለሆነ ክርክር የለበትም። መርፌ ሴቶችን ያድናል የሚለው ግን የተመዘነው ታካሚዎች በዕጣ በተመደቡበት ንጽጽር አይደለም። መርፌ የሚጠቀሙት ማዕከላት ኤምአርአይ ያላቸው፣ ብዙ ያሠለጠኑ፣ ሕክምናውን በጊዜው የሚጨርሱም ናቸው። ከውጤቱ ምን ያህሉ የመርፌው፣ ምን ያህሉ የማዕከሉ ነው? የሚለያቸው ጥናት የለም። ከ1,300 በላይ ሴቶችን በኤምአርአይ የተከታተለው ኤምብሬስ በ2021 ያሳወቀው በ5 ዓመት 92 በመቶ የቦታ ቁጥጥር የጠቅላላው አሠራር ውጤት ነው፤ ለአንዱ መሣሪያ ብቻ መስጠት ማዛባት ይሆናል።

ዋጋም አለ። መርፌ ያለ ጥሩ ሰመመን አይገባም፤ ሲወጣ ይደማል፤ ሲገባም ጫፉ አንጀት አጠገብ የት እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ወደ ምስሉ ይወስደናል።

ምስልና ብረት

ያልታየ እጢ ላይ መርፌ መትከል ግምት ነው። ኤምአርአይ የተሻለው ነው፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ አፕሊኬተር ግን ወደ ኤምአርአይ አይገባም፣ ሲቲ ስካን ላይም ጨረር የመሰለ ጭረት ይፈጥራል። ታይታኒየም ይገባል፣ ምስሉን ግን በዙሪያው ያዛባል። ፕላስቲክ ንጹሕ ምስል ይሰጣል፤ ግን ወፈር ይላል፣ በተደጋጋሚ ማምከንም ቶሎ ያረጃል። ፍሌቸር በኦቮይዱ ውስጥ ያስገባው መከለያ ብረት በዚሁ ምክንያት ዛሬ ከብዙ መሣሪያዎች ወጥቷል። መከለያው ሲቲውን ያበላሻል፤ በ1995 የወጣውና አብዛኛው ፕሮግራም የሚከተለው ቲጂ-43 የተባለው የሒሳብ ደንብም ሰውነትን በሙሉ ውኃ አድርጎ ስለሚያስብ መከለያውን አይቆጥረውም። ሐኪሙ በፊንጢጣ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከእውነቱ ከፍ ያለ አድርጎ ያያል ማለት ነው።

ኤምአርአይ ከሌለስ? ሲቲ ስካን ፊኛንና አንጀትን በሚገባ ያሳያል፤ የእጢውን ስፋት ግን ብዙ ጊዜ ያጋንናል። ስለዚህ በ2021 የዓለም አቀፍ ማኅበራት የጋራ ምክር ሲቲውን ከጥንቃቄ የተሞላበት የእጅ ምርመራና ከሥዕል ጋር እንዲነበብ አድርጓል። አልትራሳውንድ ሌላ አማራጭ ነው፤ ርካሽ ነው፣ መሣሪያው ሲገባ በዚያው ቅጽበት ያሳያል። የፈረንሳዩ ስቲክ ጥናት በ2012 በሲቲ ወይም በኤምአርአይ የታቀደውን ከፊልም ጋር ሲያነጻጽር ያለ ቀዶ ሕክምና በጨረር ብቻ የታከሙት ላይ ከባድ ጉዳት ከ22.7 በመቶ ወደ 2.6 በመቶ ወርዷል። ዕጣ ያልተጣለበት ጥናት ቢሆንም ልዩነቱ በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። በእኔ ግምት አንድ አዲስ ማዕከል ብሩን የመርፌ ስብስብ ላይ ከማዋሉ በፊት በብራኪቴራፒው ክፍል በር ላይ ሲቲ ወይም አልትራሳውንድ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

የመጠበቂያው ወራት

በ2020 ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት 7,445 ሴቶች በዚህ ካንሰር ይያዙ፣ 5,338 ይሞቱ ነበር። ጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በአንድ የኮባልት ማሽን ነበር፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህልም አገሪቱ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበራትም። በ2014 የወጣ ጥናት ከ2008 እስከ 2012 በዚያ የታከሙ 1,059 ሴቶችን ሲያይ የንድፍ ክርክሩን ሁሉ የሚያስረሳ ቁጥር አቅርቧል። ከመጀመሪያ ምርመራ እስከ ጨረር መጀመሪያ ያለው የተለመደ ጥበቃ 3.8 ወር ነበር። ሲመጡ ካንሰሩ ወደ ዳሌ ግድግዳ ወይም ከዚያ በላይ የደረሰባቸው 29 በመቶ ነበሩ፤ ጨረር ሲጀምሩ 56.6 በመቶ ሆነዋል።

ይህ ወደ አፕሊኬተር ሲተረጎም፣ ሲመጡ በተራ ኦቮይድ ወይም ቀለበት ሊታከሙ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሴቶች ወረፋው ላይ ሳሉ መርፌ የሚያስፈልጋቸው ሆነዋል ማለት ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ሰዓቱ ይቆጥራል። ታንደሩፕና ባልደረቦቿ በ2016 እንዳሰሉት ጠቅላላው ሕክምና አንድ ሳምንት ሲዘገይ ለእጢው የሚሰጠው ጨረር 5 ግሬይ የተቀነሰ ያህል ነው። የቀለበት ብልጫ ወደ 3 ግሬይ መሆኑን አስታውሱ። ማሽኑ ተበላሽቶ ወይም ምንጩ ጉምሩክ ላይ ቆሞ ያለፈ አንድ ሳምንት ከቀለበትና ከኦቮይድ ልዩነት በላይ ይወስዳል።

ታካሚዎቹ የሚመጡባቸው ከተሞች ርቀትም ልብ ይባል። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሼ ከዚያ ትርቃለች። ወልቂጤ ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ጨረር ሕክምና በጀመረችው ጅማና በአዲስ አበባ መካከል ባለው ጎዳና ላይ ናት። ብራኪቴራፒ ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ቀጠሮ ይሰጣል። ቀለበትና ኦቮይድ ለየቀጠሮው ገብቶ በዚያው ቀን ይወጣል፤ ታካሚዋ ግን በየሳምንቱ ትመለሳለች ወይም ከተማው ውስጥ ትከርማለች። መርፌ ያለበት አንድ ጊዜ ከገባ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሰጥበት ይችላል፤ ለዚህ ግን ሌሊቱን የሚጠብቃት አልጋ፣ ነርስና የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋል። ለሆስፒታሉ የሚከብደው ለቆሼዋ ሴት ሊቀል ይችላል። በአፕሊኬተር ንጽጽሮች ውስጥ ይህ ሚዛን አይገባም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ የሚቆሙት መሣሪያው ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ለመግዛት የሚያስቡ ማዕከላት ፊት ያለው ምርጫ "ኦቮይድ ወይስ ቀለበት" አይመስለኝም። ትንሽ ብልት ላላቸው የሚሆን መጠን ያለው፣ ሲቲ ላይ የሚታይ፣ መርፌ ሊጨመርበት የሚችል አንድ ስብስብ መርጦ በእሱ ብቻ ብዙ እጅ ማሠልጠን ሦስት ዓይነት መሣሪያ መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ ይሻላል። የዚህ ተቃዋሚዎች አንድ ስብስብ ለሁሉም ሴት አይመጥንም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ሁለት ስብስብ ያለው፣ በሁለቱም በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሐኪም የቪስዋናታንን ተንሸራታች ኦቮይዶች በራሱ ሆስፒታል ይደግማቸዋል።

ማህፀኗ ቀድሞ የወጣላት

በጉዳዩ ላይ ከሁሉ ያነሰ የተጻፈበት ክፍል ይህ ነው። ደም ይፈሳታል ተብሎ፣ ካንሰሩ ሳይታወቅ ወይም ሳይጠረጠር ማህፀኗ በተራ ቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት በኋላ የናሙናው ውጤት ካንሰር ሲል ወደ ጨረር ክፍል ትመጣለች። ታንደም የሚገባበት ማህፀን የላትም፤ ቀለበትም ኦቮይድም አብረው ይወድቃሉ። የቀረው ካንሰር ቀጭን ከሆነ በብልት ውስጥ የሚገባ ሲሊንደር በቂ ነው። ጨረሩ ግን ከሲሊንደሩ ወለል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው የሚታዘዘው፤ ከዚያ በላይ የወፈረ ቅሪት ካለ ሲሊንደር አይደርስበትም። ያኔ መርፌዎች በቆዳ ላይ በተሰፋ ሰሌዳ በኩል ከታች ወደ ላይ ይተከላሉ፤ ይህ ከሁሉ የበለጠ ልምድ የሚጠይቅ አሠራር ነው።

ሲሊንደሩ ርካሽና ቀላል ስለሆነ በየቦታው ይገኛል፤ ፈታኙ ነገርም ይኸው ነው። ለ5 ሚሊ ሜትር የተሠራ መሣሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ቅሪት ላይ ሲውል ወረቀቱ ሙሉ ሕክምና ይላል፣ እጢው ግን አልተነካም። የኤምብሬስ መረጃ ማህፀናቸው ያልወጣ ሴቶችን የተከታተለ በመሆኑ እዚህ አይረዳም። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ቅሪት ምንጩን በአንድ ጎን ብቻ የሚያቆም ባለብዙ ቦይ ሲሊንደር መርፌውን ይተካል የሚሉ አሉ፤ ቅሪቱ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ ሒሳቡ ይደግፋቸዋል፣ በመሀል አየር ወይም ፈሳሽ ካለ ግን አይደግፋቸውም። ያን ክፍተት ለማየት ደግሞ ሲሊንደሩ በገባበት በየቀጠሮው አዲስ ሲቲ መነሳት አለበት።